በቀን የተደረገ የፕሮም ምሽት

ለሥራነሽ አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣት እንዲህ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት ሁለት ሸክም፤ ክረምት ሲገባ ሦስት፣ እርጥብ እንጨት ከመንደድ ይልቅ መጨስ ይቀናዋልና። ጌሾና ብቅል። ቧንቧው በጠፋ ቀን ደግሞ በጋሪ የሚመጣ ውሃ፤ አረቄ ሲወጣ የማቀዝቀዣው ውሃ ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ እንፋሎቱ ተኖ ይቀራል። እዚህ ድረስ ያለው በብር የሚሰላ ነው፤ አረቄው ሲሸጥ ይመለሳል፣ ትንሽም ይተርፋታል። የማይመለሰው ሌላው ነው። ጭሱ ከዓይኗ ላይ ይወስዳል፣ እንስራው ከወገቧ ላይ ይወስዳል። ከኅዳር ወዲህ ደግሞ አንድ አዲስ ወጪ ተጨምሮባታል። ከቤቷ በር እስከ ገበያው ድረስ ያገኛት ሰው ሁሉ ቆም ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «ጠናሽ ወይ?» ይላታል። እሷም ቆም ትልና «ተመስገን» ትላለች። ሄዳ እስክትመለስ ስንት ጊዜ «ተመስገን» እንደምትል ቆጥራው አታውቅም። ቤት ገብታ ስትቀመጥ ግን ጉልበቷ የሚያልቀው ከእንጨቱ ይልቅ በዚህኛው እንደሆነ ታውቀዋለች።

ባሏ አምሳሉ አይሱዙ ነበር የሚነዳው። ባለፈው ኅዳር ከደብረ ማርቆስ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ፣ ከደጀን በታች የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ሥራነሽ ለቅሶዋን አልቅሳለች፤ ደረቷን መትታለች፤ አርባውንም እንደ ወጉ አውጥታለች። ከአርባው በኋላ ግን አንድ ነገር ተዘጋባት። ተጣጥፎ የቆየ እግር እንደሚደነዝዘው ሁለመናዋ ደነዘዘ። ያማል ወይ ቢሏት አያምም፤ ደስ ይላል ወይ ቢሏት አይልም። ድሮ ገና በር ላይ ሆና በማሽተት ብቻ ዳግም የወጣውን አረቄ ከተራው የምትለይ ሴት፣ አሁን ማሽተቱ ጠፍቶባት በምላሷ ጫፍ እየቀመሰች ነው የምትለየው።

የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ፍቅርአዲስ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነች። አምሳሉ «እኔ መሪ ጨብጬ ቀረሁ፣ ልጄ ግን ብዕር ትጨብጣለች» ብሎ የግል ትምህርት ቤት አስገባት፣ ሥራነሽም ከሱ በኋላ ትምህርት ቤቷን አላስለወጠቻትም።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ፍቅርአዲስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናብ አብስብሷት ነበር። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ ማዕድ ቤቱ ገባች።

«እማ፣ የፕሮም ምሽታችን ቀን ተቆረጠ። ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት።»

ሥራነሽ እንጨቱን ወደ ውስጥ እየገፋች «ምሽቱ በስምንት ሰዓት?» አለች።

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ባጃጅ የለማ! በምን ይመለሳል ሰው? ስለዚህ የአዳራሹን መስኮት በሙሉ በጥቁር ላስቲክ ይሸፍኑና ያጨልሙታል። ከዚያ ባለ ቀለም መብራት ያበሩበታል። ጭስ የሚያወጣ ማሽንም ይከራያሉ።»

«ጭስ ይከራያሉ?»

ፍቅርአዲስ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም፤ መቀለዷም አልነበረም።

ፕሮም የሚሉት ልጆቹ ናቸው። ወላጆቹ የሽኝት ምሽት ይሉታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ለብሔራዊ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመግባታቸው በፊት ለብሰው፣ አጊጠው የሚሰናበቱበት ድግስ ነው። ድሮ ዳቦና ለስላሳ ይበቃው ነበር። አሁን ግን የሆቴል አዳራሽ አለ፣ የአበባ በር አለ፣ የኪራይ ቀሚስና የኪራይ ተረከዝ አለ፣ ፎቶና ቪዲዮ አለ። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ነገር ብቻ ረክሶላቸዋል፤ የሰኔ ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፣ ሥጋ ከሌለ ደግሞ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ለየብቻ ማረድ የለም፣ ሁሉም ከአንድ ሽሮና ምስር ይበላል። ኮሚቴው ታዲያ ከሥጋው ያተረፈውን አየና ጭሱን ጨመረበት። ተደምሮ ሲመጣ ለሥራነሽ የሁለት ወር አረቄ ነው።

«ሌላም አለ» አለች ፍቅርአዲስ፣ አሁን ድምጿ ቀነስ ብሎ። «እናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ይለብሳሉ። ውሃ ሰማያዊ። ጨርቁ እትዬ ቀድሪያ ሱቅ ነው። ስማችን ሲጠራ ከበሩ ጀምሮ በቀይ ምንጣፍ ላይ ከወላጆቻችን ጋር ነው የምንገባው።»

ሥራነሽ የራሷን ቀሚስ አየች። ጥቁር ነው። ሻሿም ጥቁር ነው። ተነሥታ የማቀዝቀዣውን ውሃ ቀየረች።

በማግስቱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደወለች። ማንጠግቦሽ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናት፣ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በአምሳሉ ለቅሶ ሰሞን ከድንኳኑ ያልጠፋች ናት።

«ሥራነሽዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጠናሽ ወይ?»

«ተመስገን።»

«አየሽ፣ አንቺ ነገር አዋቂ ስለሆንሽ ነው ሳልሸፋፍን የማወራሽ። ልጆቹ ፈተና ሊገቡ ነው። ከል የለበሰ ሰው ከፊታቸው ሲሄድ... እኔ በዚህ አላምንም፣ አንዳንድ ወላጅ ግን ገዱን ፈራ። ወይ ከልሽን ለዕለቱ አውልቂው፣ ወይ ሌላ ሰው ያስገባትና አንቺ ከኋላ ቁጭ ብለሽ እያት። ፎቶ አንሺውንም እንዲሁ ብለነዋል፣ ከል የለበሰ እንዳያነሳ። ከፋሽ እንዴ?»

«አልከፋኝም።»

እውነቷን ነው። ሊከፋት ሲገባ እንዳልከፋት ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ያወቀችው። አንድ ነገር ግን እንደ ድንጋይ ተቀምጦባታል፤ አምሳሉ የለም፣ እሷም ካልገባች ልጅቱ በዚያ ምንጣፍ ላይ እናትም አባትም እንደሌላት ሆና ልትገባ ነው።

ከል ደግሞ በራስ እጅ አይወልቅም። በዚህ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁሯን ለብሳ ትከርማለች፣ ሙት ዓመቱ ሲወጣ የባሏ ወገን መጥቶ «በቃሽ» ብሎ ያስወልቃታል። ራሷ ካወለቀች ሌላ ሰው አስባለች ይባላል። ስለዚህ ሥራነሽ እሳቷን አጠፋች፣ ነጠላዋን ደረበች፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ አምበር ሄደች፣ ወደ አማቷ ወደ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት።

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የዘር ባቄላ ይለቅማሉ። እሳቸውም ከል ለብሰዋል።

«ምነው ልጄ በደኅና? ያለ ገበያ ቀን?»

«በደኅና ነው እማማ። አንድ ነገር ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

ሥራነሽ ድግሱን ከሥሩ ጀምራ አስረዳች። አማቷ እጃቸው ባቄላው ላይ እየሮጠ አዳመጧት።

«ምን አልሽው ስሙን?»

«ፕሮም።»

«ፕሮም» አሉ፣ የደረቀ ቆሎ አፋቸው እንደገባ ሁሉ። «አልፋ ነው?»

«የለም፣ ገና ልትፈተን ነው።»

«ሳትፈተን ነው የሚደገሰው?»

«አዎ።»

«ካላለፈችሳ? ድግሱን ይመልሱታል?»

«አይመልሱትም እማማ።»

«ከተሜ!» አሉና የነቀዘ ባቄላ ወደ ዶሮዎቹ ወረወሩ። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግልሽ?»

«ከሉን... ለአንድ ከሰዓት ብቻ ቢያስወልቁኝ። ማታውኑ መልሼ እለብሰዋለሁ።»

የወይዘሮ ወለተ ሰንበት እጅ ቆመ።

«ከል ጃንጥላ ነው እንዴ» አሉ፣ «ዝናብ ሲያባራ የሚታጠፍ? ልጄ መሬት ከገባ ዓመት አልሞላውም። እኔ ዛሬ ይኼን ካደረግሁ ነገ ይኼ ጎረቤት ምን ይለኛል? ተይው ጎረቤቱን፣ እሱን ራሱን ምን እለዋለሁ?»

«ለልጁ ነው እኮ እማማ።»

«አውቃለሁ ለልጁ እንደሆነ። በኅዳር እኔው መጥቼ በዚህ እጄ አወልቅልሻለሁ። ነጩንም እኔ ነኝ የምገዛልሽ። እስከዚያ አትለምኚኝ።»

ስትነሣ ባቄላ በጨርቅ ቋጥረው ሰጧት፣ «ለልጅቱ፣ ፈተናው ሲደርስ በልታ ትግባ» ብለው። ሥራነሽ ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባሱ መስኮት የታረሰውን መሬት እያየች ተመለሰች። አልተናደደችም። የሴትዮዋ ነገር ልክ ነው፣ የራሷም ነገር ልክ ነው፤ ሁለቱ ልክ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ላይ ወድቋል።

ሰፈር ስትደርስ ቀድሪያ ከጨርቅ ሱቋ ወጥታ ጠበቀቻት። ቀድሪያ ጎረቤቷ ናት፣ ልጇ ሚንሃጅ ከፍቅርአዲስ ጋር አንድ ክፍል ነው። ስለ አምበሩ ጉዞ ከሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«እምቢ አሉ?»

«እምቢ።»

«ወይ ጉድ! እኛ ዘንድ ለባል አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፣ ያበቃል። ወደኛ ነይ እንዳልልሽ ቄሶቹ ድንጋይ ያነሡብኛል።» ቀድሪያ ትከሻዋን ያዘቻት። «ስሚኝ እህትዓለም። እኔ አስገባታለሁ። በቀኜ ሚንሃጅ፣ በግራዬ ፍቅርአዲስ። በዚህ ዕድሜዋ መንታ ወለደች ይበሉኝ! ጨርቅሽን ደግሞ ቆርጬ አስቀምጬልሻለሁ፣ ለኅዳር ይሆናል።»

እንዲህ ተባብለው ተለያዩ። ሁለቱም አንድ ነገር ረስተዋል፤ ስም የሚጠራው በፊደል ተራ ነው።

ቅዳሜ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ውጭው ቀን ነው፣ ውስጡ ድቅድቅ ምሽት። መስኮቱ ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል፣ ዳርና ዳሩ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይዞራል፣ የተከራዩት ጭስ ወለል ለወለል ይሄዳል። እናቶቹ ውሃ ሰማያዊ ለብሰው ከፊት ተደርድረዋል። ሥራነሽን አንዱ አስተናጋጅ ከበሩ አጠገብ፣ ምንጣፉ ከሚጀምርበት ጥግ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ተቀመጠች። በጥቁር ቀሚሷ ከላስቲኩ ጋር ተመሳስላ፣ ያለችም አትመስል ነበር።

ንግግር ተደረገ። ሽሮው ተበላ። የጾም ኬክ ተቆረጠ። ከዚያ ስም መጠራት ተጀመረ፣ ልጆቹ ከውጭው ኮሪደር እየገቡ ከበሩ ጀምሮ በምንጣፉ ላይ እስከ አበባው በር ይሄዱ ጀመር። «ሚንሃጅ!» ሲባል ቀድሪያ ደንግጣ ተነሣች፣ ፍቅርአዲስን ፈለገቻት፣ አስተባባሪው «በተራዋ ነው፣ በተራዋ!» አላት፣ ልጇን ይዛ ገባች። ከፊት ስትደርስም ለቡድን ፎቶ ብለው ከረድፉ ውስጥ አቆሟት፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ከሩቅ እጇን ለሥራነሽ አወናጨፈች፣ ምን ላድርግ እንደማለት።

ፊደሉ እየወረደ መጣ። ቸ አለፈ፣ ነ አለፈ፣ ጸ ላይ ደረሰ። ልክ ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

ሌላ ጊዜ በቀን መብራት ሲጠፋ ማንም ቁብ አይሰጠውም፤ መስኮት አለ። እዚህ ግን መስኮቱን በገንዘባቸው አስደፍነውታል። አዳራሹ ዓይን ቢወጉት የማይታይ ሆነ።

«ጄኔሬተሩስ?» አለ አንድ አባት።

«ናፍጣ የለም!»

«ላስቲኩን ቅደዱት ታዲያ!»

«ተው፣ ዲኮሩ ይበላሻል!» የማንጠግቦሽ ድምፅ ነው። «ስልካችሁን አብሩ! ሁላችሁም ስልክ አብሩ!»

ስልክ በራ፣ አንዱም ሌላውም። መድረክ መሪው ማይኩ ስለሞተ በጉሮሮው ጮኸ፤ «ፍቅርአዲስ አምሳሉ!»

በሩ ተከፈተና ፍቅርአዲስ ብቻዋን ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመች። የኪራዩ ወይን ጠጅ ቀሚስ መሬት ይጠርጋል፣ የኪራዩ ተረከዝ ከለመደችው በላይ ነው፣ ከፊቷ ያለው ጭለማና የስልክ ብርሃን ብቻ። ግራ ቀኝ ቀድሪያን ፈለገች። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሁለተኛው ላይ የቀሚሷን ጫፍ ረገጠችና ተንገዳገደች።

ሥራነሽ ተነሣች። ልግባ፣ አልግባ ብላ አላሰበችም፣ ስለ ገድም ስለ ከልም አላሰበችም፤ ልጅቱ ልትወድቅ ነበር፣ ተነሣች። ጭለማ ለሷ ብርቅ አይደለም፣ ጭስም ብርቅ አይደለም፤ የዕለት እንጀራዋ ነው። በአንድ እጇ የቀሚሱን ጫፍ ሰብስባ ያዘች፣ በሌላው የልጅቱን ክንድ።

«እማ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ቀስ በይ። ተረከዙን አታስቀድሚ፣ ጣትሽን።»

«ገዱስ? እትዬ ማንጠግቦሽ...»

«ገደ ቢስ የምትሆኚው ብትወድቂ ነው። ሂጂ።»

ሄዱ። በግራም በቀኝም ስልክ ተቀስሯል፣ አንዳንዱ ለማብራት፣ አንዳንዱ ለመቅረጽ። ሥራነሽ ማንንም አላየችም፤ የምታየው የልጅቱን ጫማ ነበር። አበባው በር ሥር ደርሰው ልክ ዘወር እንዳሉ መብራቱ መጣ።

መብራት ሲመጣ ደብረ ማርቆስ የሚያደርገውን ሁሉም ሰው አደረገ። «እልልልል!» አዳራሹ ተናጋ። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ እልልታው ለመብራት ኃይል ነበር፤ ያረፈው ግን በሁለቱ ላይ ነው። ሰማያዊ በለበሱት ሁሉ መሃል አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት የቀሚስ ጫፍ እንደያዘች ቆማለች። ማንጠግቦሽም እልል ብላ አፏን ሳትዘጋ አየቻት፣ እጇ እንደተነሣ ቀረ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሣ፣ ወደ ማንጠግቦሽ ዞር አለ፣ ካሜራውን መልሶ አወረደ።

ሥራነሽ ቀሚሱን ለቀቀችው። የልጅቱን ሪባን አቃናችላትና በዚያው ምንጣፍ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ፎቶው ተነሣ።

ባጃጅ ውስጥ ቀድሪያ አላስችላት አለ። «እንዴት ነበር? ምን ተሰማሽ ሥሩዬ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

ሥራነሽ በባጃጁ ሸራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አየች። «ክንዷ ሞቃት ነበር» አለች።

ወሬው ከአምበር ገበያተኞች ጋር ሄዶ ኖሮ በሳምንቱ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በጎረቤት ስልክ ደወሉ። ልጆቹ ያን ጊዜ ለፈተና ገብተዋል።

«ከልሽን ሳታወልቂ አስገባሻት አሉ።»

«አዎ እማማ። ጨለማ ነበር።»

ሥራነሽ ስድብ ጠበቀች።

«የታለ ፎቶው?»

«የለም እማማ።»

«እንዴት የለም? ያን ሁሉ ከፍለሽ?»

«ከል የለበሰ አናነሳም ብለው ነው።»

«እንግዲያ እኔም ብመጣ አያነሡኝም ነበር በይኛ!» አሉና ቆይተው፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ፣ «ፈልጊልኝ» አሉ። «ለሙት ዓመቱ ይድረስልኝ። ከአምሳሉ ፎቶ አጠገብ ነው የምሰቅለው። ልጁን ብቻዋን እንዳላስገባሽበት ይየው።»

የተከፈለበት አልበም ደርሷል። በውስጡ ፍቅርአዲስ አበባው በር ሥር ቆማ ትስቃለች፣ ከሚንሃጅ ጋር ትስቃለች፣ ከቀድሪያ ጋር ትስቃለች። እናቷ በአንዱም ገጽ የለችም። ፍቅርአዲስ ፈተናዋን ጨርሳ ስትወጣ በቴሌግራም ቡድናቸው ጠየቀች፤ አንዱ ስልኬ ጠፋ አለ፣ ሌላዋ ጨለማ ነው ብዬ አጠፋሁት አለች፣ አንዱ የላከው ቪዲዮ ጣራው ላይ ያተኮረ ነው። ውጤቱ ገና አልመጣም። ኅዳርም ገና ነው።

ስለዚህ ሥራነሽ ለናንተ ለምታነቡት የምትለው ይህን ነው። ያን ቅዳሜ በዚያ አዳራሽ ስልካችሁን ያበራችሁ፣ ወይም ያበራ ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ስልካችሁን ከፍታችሁ እዩ። ጨለማ ብቻ ነው ብላችሁ አታጥፉት። ከምስሉ ዳር፣ ከጭሱ ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወይን ጠጅ ቀሚስ ከለበሰች ልጅ ጋር ብትኖር ለቀድሪያ ጨርቅ ሱቅ አድርሱላት። ፊቷ ባይታይም ግድ የላትም፤ ክንድ የያዘው እጅ ከታየ ይበቃታል።